ሸውራራዋ ፊያት

ገብረ ጻድቅ መሬት ሲለካ በኖረባቸው አሥራ አንድ ዓመታት ሲመጣ አይቶት ደስ ያለው ሰው አልነበረም። እሱ ራሱ ቀያሽ አይደለም፤ የቀያሹ ረዳት ነው። ቀይና ነጭ ቀለም የተቀባ ዘንግ ተሸክሞ ይቀድማል፣ ገመድ ይወጥራል፣ ካስማ ይተክላል፣ ቱንቢ ያንጠለጥላል። ቀያሹ ከኋላ ቆሞ በመነጽሩ ያያል። ከሰላ ድንጋይ እስከ ለሚ ያልረገጠው ወሰን የለም። ገበሬው ግን የሚያውቀው ቀያሹን ሳይሆን እሱን ነበር፤ ማሳው ውስጥ ቀድሞ የሚገባው እሱ ነዋ። ዘንጉ ከጉብታው በላይ ብቅ ሲል ሴቶቹ ልጆቻቸውን ይጠራሉ፣ ወንዶቹ ፊታቸውን ያዞራሉ፣ ውሻ ይፈታል። ግራ ባቱ ላይ የሦስት ውሾች የጥርስ ምልክት ነበረው፤ አንዱ የለሚ፣ ሁለቱ የሰላ ድንጋይ። ትውልዱ ሰላ ድንጋይ ስለሆነ "አገሬ ናፍቃኝ ነው ሁለቴ የነከሰችኝ" እያለ ይቀልድ ነበር።

በስልሳ ሰባት ዓመተ ምሕረት የገጠር መሬት የሕዝብ ሆኗል ተብሎ ሲታወጅ የልኬታው ሥራ ባንድ ጊዜ ቆመ። ቀያሹ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረ፤ ገብረ ጻድቅን ግን የሚያዛውረው አልተገኘም። የንብረት ክፍሉ ሰው "ቱንቢውን መልስ" እንኳን አላለውም። እሱም ቱንቢውን፣ ውኃ ልኩንና አንድ ጥቅል ሲባጎ በከረጢት ይዞ ሚስቱ አስካለማርያም ወደምትሠራበት ወደ ደብረ ብርሃን መጣ። አስካለማርያም ብርድ ልብስ ፋብሪካው ውስጥ የክር ማሽን ላይ ነበረች። ቀበሌው ጠርቶት "ለየትኛው ባላባት ነበር የምትለካው?" ብሎ ሁለት ቀን አመላለሰው። ዘንግ ከመሸከም ሌላ ጥፋት ስላላገኙበት ለቀቁት። በዚያ ዘመን ሁለት ቀን ተመላልሶ በሰላም ቤት መግባት ትልቅ ነገር ነበርና አስካለማርያም ጠላ ጠምቃ ጎረቤት ጠራች።

ከዚያ በኋላ ከበሬሳ ድልድይ አለፍ ብሎ በሚገኝ አንድ ጋራዥ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ሥራው በር መክፈትና በር መዝጋት ነው። አንድ ቀን የእህል ጫኝ መኪና ሾፌር የፊት ጎማውን ለሜካኒኮቹ እያሳየ ሲራገም ሰማ። ጎማው ከተገዛ ሁለት ወር አልሞላውም፤ የውስጠኛው ጠርዝ ግን በምላጭ የተላጨ ይመስላል። ያን ጊዜ ጎማ እንደ ልብ አይገኝም፤ ደብዳቤ ተጽፎ፣ ወረፋ ተይዞ፣ ወራት ተጠብቆ ነው። ገብረ ጻድቅ ከአግዳሚው ተነሳና ከመኪናው ፊት ለፊት ሃያ እርምጃ ያህል ርቆ ቆመ። አንድ ዓይኑን ጨፈነ።

"ይቺ መኪና ሸውራራ ናት" አለ።

ሜካኒኮቹ ሳቁበት። ሾፌሩ ግን የተቸገረ ሰው ነውና አልሳቀም። "እስቲ አሳየኝ" አለው። ገብረ ጻድቅ ከረጢቱን አመጣ። በመኪናው ግራና ቀኝ ካስማ ተክሎ ሁለት ሲባጎ ወጠረ፤ ከሲባጎው እስከ ቸርኬው ጠርዝ ያለውን በፊትም በኋላም ለካ። ቀኙ ጎማ ቀጥ ብሎ ወደፊት ያያል፤ ግራው ግን በጣት ውፍረት ወደ ውጭ ተከፍቷል። ከመሪው የሚመጣው ዘንግ ተጠምዝዞ ሁለቱም እኩል እስኪያዩ ድረስ ሾፌሩ ምሳውን አልበላም። ከሦስት ወር በኋላ በዚያው ጎማ ተመልሶ መጣና ዘበኛውን አቅፎ ሳመው። ገብረ ጻድቅ አንድ ነገር ለክቶ ሲሳም ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር።

እንዲህ እንዲህ እያለ ዘበኝነቱ ቀረ። ከቤቱ ፊት ያለውን ግቢ ድንጋይ አስነጥፎ፣ ሲሚንቶ አፍስሶ፣ በውኃ ልክ ደልድሎ የመኪና ማቆሚያ ሠራ። ሰዉ "ባለቱንቢው" አለው። አዲስ አበባ ያሉ ጋራዦች ሥራውን አላይመንት ይሉታል፤ እሱ ግን በራሱ ቋንቋ ነበር የሚያስረዳው። "ጎማ ሁለት ጠባይ አለው። አንዱ ማየቱ ነው፤ ወደ ውስጥ ያያል፣ ወደ ውጭ ያያል፣ ወይም ቀጥ ብሎ ያያል። ሁለተኛው አቋሙ ነው፤ ጫፉን ወደ መኪናው ያጋድላል፣ ወደ ውጭ ያጋድላል፣ ወይም ቀጥ ብሎ ይቆማል። ማየቱን በሲባጎ፣ አቋሙን በቱንቢ ነው የምትይዘው።" ይህን ሲናገር የሰማው ሁሉ ወደ ጎማው ጎንበስ ብሎ ሳያይ አይሄድም።

በሰባ አራት ዓመተ ምሕረት፣ ኅዳር ላይ፣ በሽር እየሮጠ ወደ ግቢው መጣ። በሽር የሃያ ስምንት ዓመት ወጣት ነው፤ ነጭ ፊያት 124 ይዞ በደብረ ብርሃንና በአንኮበር መሃል ሰው ያመላልሳል። እናቱ እማማ ሲቲ የአሊዩ አምባ ሰው ናቸው። ከቆላው በርበሬና ቅመም እያስወጡ ደብረ ብርሃን ገበያ ሲሸጡ ኖረው፣ መኪናዋን ከወንድማቸው ጋር ሆነው የገዙት እሳቸው ናቸው።

"ጋሼ፣ አራት ጎማ!" አለ በሽር ገና ከበሩ ሳይገባ።

"የት ጣልከው?"

"አልጣልኩም! ልናሸንፍ ነው እንጂ።"

ገብረ ጻድቅ ውኃ አጠጥቶ አስቀመጠውና ከመጀመሪያው እንዲነግረው አደረገ። ነገሩ እንዲህ ነው። የሾፌሮች ማኅበር ከጥምቀት በኋላ በሚውለው እሑድ የመኪና ውድድር ያደርጋል። መወዳደር የሚችለው በየቀኑ ሥራ ላይ ያለ መኪና ብቻ ነው፤ ለውድድር ተብሎ የተቀመጠ መኪና በአውራጃው ስለሌለ ይህን ማለት እንኳን አያስፈልግም ነበር። ጠዋት አራት ሰው ተጭኖ ከደብረ ብርሃን አንኮበር ደርሶ መልስ ነው፤ ሰዓት ይያዛል። ከዚያ በቀጥታ ፈረስ ወደሚጋለብበት ሜዳ ይገባል። ተሳፋሪው ይወርድና ሾፌሩ ብቻውን በተደረደሩ አሥራ ሁለት በርሜሎች መሃል እየተጠማዘዘ ሦስት ዙር ይነዳል። በርሜል የነካ ግማሽ ደቂቃ ይጨመርበታል። ከጠዋት እስከ ማብቂያው መኪናዋን ቁልፍ የነካት ከውድድሩ ይወጣል። ለአንደኛ አራት አዲስ ጎማ፣ ለሁለተኛ ሁለት ጎማ፣ ለሦስተኛ አንድ ባትሪ።

ገብረ ጻድቅ አገጩን አሸት አሸት አደረገ።

"ቁልፍ የነካት ይወጣል ነው ያልከው?"

"አዎ።"

"እንግዲህ ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ለመንገዱ ካስተካከልናት ሜዳው ላይ ትደነዝዛለች። ለሜዳው ካስተካከልናት መንገዱ ላይ ትቅበዘበዛለች። ሁለቱንም የሚችል ልክ ማግኘት አለብን።"

"ልኩንማ እኔ አውቀዋለሁ" አለ በሽር። "አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ የውድድር መኪና የሚሠራ ሰው አይቻለሁ። የፊት ጎማዎቿን ወደ ውጭ እንዲያዩ አድርጎ ነው የሚከፍታቸው። መሪውን ገና ስትነካው ትጠመዘዛለች።"

"የሱ መኪና በማግስቱ ሰው ጭና አንኮበር ትሄዳለች?"

"አትሄድም።"

"እንግዲያው እንሞክረውና እንየው" አለ ገብረ ጻድቅ። ሳይሞክር አይሆንም ማለት አይወድም።

የፊት ጎማዎቿን በሦስት በሦስት ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ከፈቱና ሜዳው ላይ ወሰዷት። በሽር ከገበያ የተዋሳቸውን ባዶ በርሜሎች ደርድሮ ሲነዳት፣ እውነትም ፊያቷ እንደ ፍየል ግልገል ወዲህ ወዲያ ትል ጀመር። በሽር በመስኮት አንገቱን አውጥቶ ጮኸ፤ ገብረ ጻድቅም እጁን አጨበጨበ። በማግስቱ ግን እንደ ወትሮው ሥራ ነበር። ከተሳፋሪዎቹ አንዱ የገብረ ጻድቅ ጎረቤት መሪጌታ ወልደተንሣኤ ነበሩ፤ አንኮበር ያለች እህታቸው ልጅ ልትድር ነውና ሽማግሌ ሊሆኑላት መሄዳቸው ነው። ከሁለት ቀን በኋላ ሲመለሱ በቀጥታ ወደ ገብረ ጻድቅ ግቢ መጡ።

"ገብረ ጻድቅ፣ ያቺን መኪና ምን አደረጋችኋት?"

"ምን ሆነች የኔታ?"

"ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ሳለን አንዴ ወደ ገደሉ ታያለች፣ አንዴ ወደ ተራራው። ልጁ መሪውን ሲታገል ላብ በላብ ሆነ። ውዳሴ ማርያሙን የሰባቱንም ቀን ጨርሼ እንደገና ከሰኞ ጀምሬ ነው አንኮበር የደረስኩት።"

ገብረ ጻድቅ ሳቁን ዋጠና ፊያቷ ስትመጣ ጎማዎቿን በመዳፉ ዳሰሰ። ከውስጥ ወደ ውጭ ሲያሻሹት ለስላሳ ነው፤ ሲመልሱት ግን እንደ መጋዝ ጥርስ ይሻክራል። ጎማው መንገዱ ላይ እየተጎተተ ነበር ማለት ነው። በጥቂት ቀን እንዲህ ከሆነ እስከ ውድድሩ ቀን አይደርስም።

ሁለተኛው ሙከራ የዚህ ተቃራኒ ነበር። ጎማዎቹ ትንሽ ወደ ውስጥ እንዲያዩ አደረጓቸው። መንገዱ ላይ ፊያቷ ጨዋ ሆነች። ሜዳው ላይ ግን በሽር መሪውን ባዞረው ቁጥር አልሰማ ብላ ወደፊት ትገፋለች። ሦስት በርሜል ጣለች፤ አንደኛው ተንከባሎ ሜዳው ዳር ሣር የሚያጭዱ ሴቶች ዘንድ ደረሰ። ሴቶቹ በርሜሉን አልመልስ ብለው ግማሽ ቀን ሲያስለምኑት ዋሉ፤ በመጨረሻም አንዷ ከነማጭዷ ፊያቷ ውስጥ ገብታ አንድ ዙር ካልተነዳላት አልሰጥም አለች። ተነዳላት።

በሽር ተስፋ ሊቆርጥ ምንም አልቀረውም። ገብረ ጻድቅ ግን እንዲህ ያለ ደስታ ተሰምቶት አያውቅም ነበር። ሲለካ ይውላል፣ ማታ እራት ላይ በጣቱ ጠረጴዛው ላይ ጎማ ይስላል። አስካለማርያም አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ግቢው ውስጥ ቆማ ሲለካ ስታየው ቆየችና ጠየቀችው።

"አንተ፣ መኪናዋ አንኮበር ስትሄድ ባዶዋን ነው የምትሄደው?"

"አራት ሰው ትጭናለች እንጂ።"

"ታዲያ ባዶዋን ለምን ትለካታለህ? ባለፈው ከእማማ ሲቲ ጋር ከኋላ ስንቀመጥ ዝቅ ስትል ተሰምቶኛል። ሰው ሲቀመጥባትና ሳይቀመጥባት አንድ ነው ቁመናዋ?"

ገብረ ጻድቅ ሲባጎውን ለቀቀው። አንድም ቀን አስቦት አያውቅም። መሬት ሰው ቢቆምበትም ባይቆምበትም ያው ነው፤ መኪና ግን አይደለም። ሰው ሲጫን ትወርዳለች፣ ስትወርድ ጎማው አቋሙንም ማየቱንም ይለውጣል። "አስካል፣" አላት፣ "እስከዛሬ የት ነበርሽ?"

"ፋብሪካ ነበርኩ" አለችው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ያ ግቢ የሰርግ ቤት መሰለ። ፊያቷ የተደለደለው ሲሚንቶ ላይ ቆማለች። በሽር መሪው ላይ ተቀምጧል። ከኋላ በውድድሩ ቀን የሚሳፈሩት አስካለማርያም፣ እማማ ሲቲና መሪጌታ ወልደተንሣኤ ተደርድረዋል። ከፊት ያለው ቦታ በውድድሩ ቀን የገብረ ጻድቅ ነው፤ እሱ ግን መለካት ስላለበት በሱ ፈንታ ስልሳ አምስት ኪሎ ገብስ በጆንያ ተቀምጧል። አንዱ ጎረቤት ጆንያው ላይ የገብረ ጻድቅን ባርኔጣ ደፋበት።

"እንዳትነቃነቁ!" ይላል ገብረ ጻድቅ ከሥር ተጋድሞ።

"ወላሂ፣ ከዚህ ጆንያ የሚነቃነቅ የለም" ይላሉ እማማ ሲቲ።

መንገደኛው ሁሉ በአጥሩ እያየ "ወዴት ልትሄዱ ነው?" ይላል። "አንኮበር!" ይላሉ መሪጌታ፣ "ደርሰናል ሊሉን ነው።" እማማ ሲቲ በሻሻቸው ጫፍ የቋጠሩትን ቆሎ አውጥተው ለሁሉም አደሉ፤ ለጆንያውም ባርኔጣው ላይ ጥቂት አስቀመጡለት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ተቀምጠው ሲወርዱ መሪጌታ እግራቸው ደንዝዞ በሁለት ሰው ተደግፈው ነው የወጡት።

ገብረ ጻድቅ ያሰበው እንዲህ ነበር። ጎማን ቶሎ የሚበላው ማጋደሉ አይደለም፣ መንሸዋረሩ ነው። የተንሸዋረረ ጎማ አንድ ወገን እያየ ወደ ሌላ ወገን ስለሚጎተት መንገዱ ይልጠዋል። ያጋደለ ጎማ ግን አጋድሎም ቢሆን ይሽከረከራል። ኩርባ ላይ ደግሞ መኪናዋ ወደ ውጭ ስታዘነብል ጫፉን ወደ ውስጥ ያጋደለ ጎማ ነው መሬቱን በሙሉ መዳፉ የሚረግጠው። ስለዚህ ሰው እንደተጫነባት ጎማዎቹ ቀጥ ብለው ይዩ፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም አይዩ። ለሜዳው የሚያስፈልጋትን ቅልጥፍና ከማየቱ ሳይሆን ከአቋሙ ታግኝ። የጎማዎቹ ጫፍ በስድስት ሚሊ ሜትር ወደ መኪናዋ ያጋድል፤ ከዚያ አይለፍ።

ይህን ለማድረግ የጎማው የታችኛው ክንድ ከሻሲው ጋር በሚታሰርበት ቦታ ስስ የብረት ቁራጭ መጨመር ያስፈልጋል። ከታች ወደ ውጭ ሲገፋ ጫፉ ወደ ውስጥ ይመጣል። አንድ ቁራጭ ጨመሩ፤ አነሰ። ሁለት ጨመሩ፤ ቱንቢው ልክ ነው አለ፤ ግን አቋሙ ሲነካ ማየቱ ተዛባ፣ ጎማዎቹ እንደገና ተንሸዋረሩ። ገብረ ጻድቅ ቅደም ተከተሉን ያወቀው ያን ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ አቋሙን ጨርሰህ ነው ወደ ማየቱ የምትመጣው። ሦስት ቀን ፈጀ። ተሳፋሪዎቹም ሦስቱንም ቀን ተጠርተው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን ሲባጎው ከፊትም ከኋላም እኩል ሆነ። ገብረ ጻድቅ በሁለቱም ጎማ አራት ጊዜ ለካው፣ ከዚያ አምስተኛ ጊዜ ለደስታው ሲል ለካው።

የውድድሩ ጠዋት ሜዳው በውርጭ ነጭ ሆኖ ነበር። ስምንት መኪና ተሰለፈ። የማርሽ ሙዚቃ በድምፅ ማጉያ ይንቆረቆራል፤ ሰዉ ጋቢውን ተከናንቦ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ቆሟል። ሁሉም ያሸንፋል የሚለው የለሚውን ዘርአ ዳዊትን ነበር። ፔጆ 404 ነው የሚነዳው፤ ሞተሩ ከፊያቷ ይበልጣል፣ እሱም አሥራ ስድስት ዓመት የነዳ ሾፌር ነው። መልካም ሰው ነው፤ ከመነሻው በፊት መጥቶ እማማ ሲቲን ጉልበት ስሞ "እናቴ፣ ልጅዎን ቀስ ይበል ይበሉት" አላቸው። እማማ ሲቲም "አንተ ቀስ በል፣ የኔ ልጅ ቸኩሏል" አሉት።

በአሥር በአሥር ደቂቃ ልዩነት ተለቀቁ። ፊያቷ አምስተኛ ነበረች። ገብረ ጻድቅ ከፊት ተቀምጦ ሁለት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ዓይኑን ጨፈነ። ፈርቶ አይደለም፤ ጎማዎቹን በመቀመጫው በኩል ሊሰማቸው ፈልጎ ነው። ጠጠር መንገዱ ላይ ፊያቷ ትንቀጠቀጣለች እንጂ አትቅበዘበዝም። የገብስ ማሳው በግራም በቀኝም ወደ ኋላ ይሮጣል። ሜዳማው ላይ በሽር ሁለት እጁን ከመሪው ላይ አነሳ፤ መኪናዋ ሰው የያዛት ይመስል ቀጥ ብላ ሄደች።

"ያዝ አንተ!" ብለው እማማ ሲቲ ማጅራቱን በጥፊ አሉት።

"እያሳየሁ ነው እማዬ! ጋሼ፣ አዩ?"

"አይቻለሁ። አሁን ያዝ።"

ከኋላ ሌላ ድምፅ መጣ። ገብረ ጻድቅ መጀመሪያ የሞተር ችግር መስሎት ደነገጠ። ዞር ሲል መሪጌታ ወልደተንሣኤ አፋቸውን ከፍተው ያንኮራፋሉ። ከወር በፊት ሰባት ቀን ጸሎት ባስጨረሳቸው መንገድ ላይ ተኝተዋል። ገብረ ጻድቅ ከሲባጎውም ከቱንቢውም በላይ ያን ማንኮራፋት አመነ። ደስታው ደረቱን ሞልቶ ሳቀ፤ አስካለማርያምም ከኋላ ሆና ያየውን አይታ ኖሮ አፏን በነጠላዋ ይዛ ትስቃለች።

አንኮበር ሲደርሱ ጉም ከቆላው እየወጣ ነበር። ዳኛው ወረቀታቸው ላይ ማኅተም እስኪመታ በሽር ሞተሩን ሳያጠፋ ጠበቀ። ማኅተሙ ተመታ። በሽር ማርሽ አስገባ። የኋላው በር ግን ተከፍቶ ነበር።

እማማ ሲቲ ወርደዋል። ከዳኛው ጠረጴዛ ማዶ በቅሎ ይዛ የቆመች ሴት አይተው ነው፤ ታናሽ እህታቸው ሰሊሃ ናት። እህቷ በመኪና ውድድር ይመጣሉ የሚል ወሬ አሊዩ አምባ ድረስ ወርዶ፣ ሌሊት ተነስታ አቀበቱን ወጥታ ስትጠብቃቸው ነበር። ሁለቱ ተቃቅፈው ይላቀሳሉ፣ ይሳሳማሉ፣ እንደገና ይላቀሳሉ።

"እማዬ!" ይላል በሽር መሪውን እየደበደበ። "እማዬ፣ ሰዓቱ!"

"ሁለት ዓመት አላየኋትም!"

"ስንመለስ በሌላ ቀን—"

"ቆይ፣ የልጆቿን ደኅንነት ልጠይቅ!"

የስድስት ልጆች ደኅንነት በየስማቸው ተጠየቀ። ከዚያ የባሏ፣ ከዚያ የዝናቡ፣ ከዚያ የበርበሬው። ሰሊሃ ደግሞ ያመጣችውን አንድ ዘንቢል ፓፓያና ሙዝ ካላስገባችሁ አልለቅም አለች። መሪጌታ በዚህ መሃል ነቅተው "ደረስን?" ብለው ጠየቁ። ገብረ ጻድቅ ሰዓቱን አየ። አራት ደቂቃ ከግማሽ።

በመልሱ መንገድ በሽር መሪውን በሁለት እጁ ጨብጦ ዓይኑን ከመንገዱ አልነቀለም። እማማ ሲቲ ግን ዘንቢሉን ጭናቸው ላይ አቅፈው "አልሃምዱሊላህ፣ አልሃምዱሊላህ" ይላሉ። ከኩርባ ኩርባ ሲገቡ ፊያቷ እንደታሰበው ሄደች። ገብረ ጻድቅ ሁለት ጊዜ ብቻ ነው በር የያዘው።

ሜዳው ላይ ተሳፋሪዎቹ ወርደው ከሕዝቡ ጋር ቆሙ። አሁን ፊያቷ ቀለል ብላ ከፍ ብላለች፤ ገብረ ጻድቅ ይህንንም አስልቶት ነበር፣ ግን ማስላትና ማየት ይለያያል። ዘርአ ዳዊት ቀድሞ ገባ። ፔጆው እየጮኸ፣ አቧራ እያስነሳ ሁለት ዙር በሚገባ ዞረ። በሦስተኛው የመጨረሻውን በርሜል በኋላ መከላከያው ገፋው። ሕዝቡ "ወይኔ!" አለ።

የበሽር ተራ ደረሰ። የመጀመሪያውን በርሜል ሲዞር ገብረ ጻድቅ ጎንበስ ብሎ የፊት ጎማዎቹን አየ። ፊያቷ አልገፋችም፤ ወደ ውስጥ ያጋደለው ጎማ መሬቱን ጨብጦ አዞራት። ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው። በርሜሎቹ መሃል ስትተላለፍ መርፌ ውስጥ የሚገባ ክር ትመስላለች። ሕዝቡ መቁጠር ጀመረ፣ በሦስተኛው ዙር "አሥር! አሥራ አንድ! አሥራ ሁለት!" ብሎ ጮኸ። አንድም በርሜል አልተነካም። የማያውቃቸው ሰዎች ገብረ ጻድቅን አንገቱን አቅፈው ያወዛውዙታል። አንድ ገበሬ ከመሃል "ማነው የለካት?" ብሎ ሲጠይቅ፣ ሌላው "ባለቱንቢው ነዋ!" ሲል ሰማ። ገብረ ጻድቅ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ ጠረገ፤ አቧራው ነው አለ ለአስካለማርያም። እሷም እጁን ያዘች።

ሰዓቱ ተደምሮ ሲነበብ ዘርአ ዳዊት አንደኛ ሆነ፣ በርሜሉ ተቆጥሮበት እንኳን። በሽር ሁለተኛ ነው። በመሃላቸው ሃያ ሁለት ሴኮንድ ነበር።

ሁሉም በየልቡ አራት ደቂቃ ከግማሽን አሰበ። እማማ ሲቲ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"በኔ ነው አይደል?"

በሽር ፊቱን ቅጭም አድርጎ ሊናገር ሲል እናቱ የያዙትን ዘንቢል አየ። አንድ ፓፓያ በኩርባው ተጨፍልቆ ቀሚሳቸውን አበላሽቶታል፤ እሳቸው ግን አላስተዋሉትም። በሽር ሳቁ አመለጠው።

"በእርስዎ ነው እማዬ። አክስቴ ሰሊሃ ስድስት ልጅ ባትወልድ ኖሮ አንደኛ ነበርን።"

"ወላሂ፣ ለሰሊሃ ከሆነ የጎደሉት ሁለት ጎማ ይቅር!" አሉ እማማ ሲቲ፤ ከዚያ ሁሉም ሳቁ፣ መሪጌታ ከሁሉም በላይ። ዘርአ ዳዊት ራሱ መጥቶ ነገሩን ሲሰማ ጎንበስ ብሎ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። ፓፓያውን እዚያው ሜዳው ላይ ቆርጠው ከዳኞቹ ጋር በሉት።

ሁለቱ አዲስ ጎማዎች ፊያቷ ፊት ላይ ገቡ። በሽር ልኩን አታስነኩብኝ ብሎ በዚያው ልክ ሁለት ዓመት ከአምስት ወር ነዳባቸው፤ እንዲህ ያለ ዕድሜ በዚያ መንገድ ላይ ተሰምቶ አይታወቅም።

ዘርአ ዳዊት ግን በውድድሩ ማግስት ሰኞ ጠዋት፣ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ፣ ፔጆውን ገብረ ጻድቅ ግቢ በር ላይ አቆመ። አራቱ አዲስ ጎማዎች ከኋላ ተጭነዋል፤ አልገጠማቸውም።

"ጋሼ፣ መጀመሪያ እርስዎ ይዩልኝ" አለ። "እነዚህን ለመንገድ ላስበላቸው አልፈልግም።"

ገብረ ጻድቅ ሻዩን አስቀምጦ ተነሳ። ከፔጆው ፊት ለፊት ሃያ እርምጃ ያህል ራቀና አንድ ዓይኑን ጨፈነ። ሦስት ሌሎች መኪናዎች ከኋላ እየተሰለፉ ነበር።